ካርዱ ላይ የሌለ ጥያቄ

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ሃሎ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም ያውቃል። በር ስታንኳኳ «ሃሎ»፣ ሱቅ ስትገባ «ሃሎ»፣ ደረጃ ላይ ከሰው ጋር ስትተላለፍ «ሃሎ» ነው ቃሏ። የዕድሜዋን ግማሽ በስልክ ኦፕሬተርነት ስለሠራች አፏ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ልጆቹ ከኋላዋ ድምፃቸውን አቅጥነው «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» ሲሉ ዞር ትልና «መስመሩ ተይዟል፣ ቆየት ብላችሁ ሞክሩ!» ትላቸዋለች። በሳቅ ይፈርሳሉ። እሷም እየሳቀች ደረጃውን ትወጣለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ግን ሳቁ አልቆ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው።

ቤቷ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንዱ ወንበር የእሷ ነው፤ ሌላው የእናቷ ነበር፣ አሁን የታጠፈ ልብስ ይቀመጥበታል። እናቷ እስኪሞቱ ድረስ አብረው ኖሩ። አንድ ወንድም አላት፤ ሌላ ከተማ አግብቶ ወልዶ ይኖራል። ትዝ ሲለው ይደውላል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል።» ልጆቹ ከኋላው በሌላ ነገር ሲጯጯሁ ይሰማታል እንጂ ሰላም ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

ፈላጊ አጥታ አይደለም ሳታገባ የቀረችው። ወጣት ሳለች አንድ የመጋዘን ኃላፊ በየቀኑ ወደ ሩቅ ከተማ መስመር ያስጠይቅ ነበር። መስመሩ እስኪገኝ ያወራሉ። መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ሥራ፣ ኋላ ኋላ ስለ ሁሉ ነገር። መስመሩ ሲገኝ ሁለቱም ይከፋቸው ነበር። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀጣጠሩ። ያ ስልክ ላይ ወሬ የማያልቅበት ሰው ስኳሩን ሲያማስል ዋለ። እሷም ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ የጠረጴዛውን ልብስ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ ቆየች። በማግስቱ ደወለና «ይሄ ይሻለናል መሰለኝ» አላት፤ ሳቁ፣ እንደገናም ማውራት ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ሥራ ተዛወረ። ድምፁ እየራቀ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ ቀረ።

ከዚያ ስልኩን ሰው ሳይሆን ማሽን የሚያገናኝበት ዘመን መጣና ኦፕሬተሮቹ ተበተኑ። እሷ እዚህም እዚያም እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ሳለ ወረርሽኙ ገባ። ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘጋበት፤ ፈራ፤ የሚጠይቀው አጣ። ነፃ የጤና መረጃ መስመር ሲከፈት በስልክ መነጋገር የሚችል ሰው ይፈለጋል ተባለ። እትዬ ሃሎ ለፈተና ቀርባ ገና «ሃሎ» እንዳለች ፈታኙ ቀና ብሎ አያትና «ሌላ መናገር አያስፈልግዎትም» አላት።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ጠረጴዛዎቹ በሰሌዳ ተከልለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ፣ የደዋዩን ቁጥር የሚያሳይ ስክሪንና አንድ ሳጥን ካርድ አለ። ካርዶቹ ላይ ጥያቄና መልስ ተጽፏል። ተቆጣጣሪዋ፣ ጫማዋ ሳይሰማ ከኋላ የምትደርስ ቀጭን ሴት፣ በመጀመሪያው ቀን ሕጉን ነገረቻቸው። «ካርዱ ላይ ያለውን ታነባላችሁ። ካርዱ ላይ ከሌለ ‹ሐኪምዎን ያማክሩ› ትላላችሁ። ከራሳችሁ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ።»

እትዬ ሃሎ ለሕግ አዲስ አይደለችም። አነበበች። ድምፅዋ እንደ ለብ ያለ ውሃ ስለሆነ ሰዎች እየተረጋጉ ይዘጋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ግን አንዲት እናት ደወለች።

«እህቴ፣ ልጄን አተኩሶታል።»

ካርዱን አውጥታ አነበበችላት፤ ውሃ ስጪው፣ ልብስ አታብዢበት፣ እንዲህ ካደረገው ወደ ሕክምና ውሰጂው። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እሺ፣ ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን። ትኩሳቱን የሚያመጣው በሽታው ነው ወይስ የልጄ ገላ ራሱ?»

እትዬ ሃሎ ካርዱን አገላበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው።

«ይህንን… ሐኪምዎን ያማክሩ።»

«ሐኪም ባገኝማ አንቺ ጋ ምን አስደወለኝ!» አለችና ዘጋችው።

ጥያቄው አለቅ አላት። ሻይ ስትጠጣ አብሯት ጠጣ፤ መጸዳጃ ቤት ስትገባ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ካርዶቹን የሚያርመው ወጣት ሐኪም ምሳውን የሚበላው መስኮት ሥር ቆሞ ነበር፤ ከተቀመጠ እንቅልፍ ስለሚጥለው። እሱ ዘንድ ሄደች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«እትዬ፣ አንቱታውን ይተዉልኝና አሥርም ይጠይቁኝ።»

ነገረችው። ዳቦውን ማኘክ አቆመ።

«ይሄን ማነው የጠየቀዎት? ጥሩ ጥያቄ እኮ ነው። ትኩሳቱን የሚያመጣው ገላ ራሱ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ባለቤቱ ነው፤ ሰርጎ የገባው እንዳይመቸው ብሎ። አንዳንዴ ታዲያ በጣም ያነደውና ራሱም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ነው እኛ ‹ኧረ ቀስ!› የምንለው።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያቺ እናት ትደውል ይሆን ብላ ጠበቀች። አልደወለችም። በማግስቱ ስለ ትኩሳት ለጠየቃት አንድ ሹፌር ካርዱን አንብባ ስትጨርስ ዙሪያዋን ቃኘችና የቤቱን ባለቤት ታሪክ ጨመረችለት። ሹፌሩ እየሳለ ሳቀ። ካርዱ ማንንም አስቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋለች። ሰዎች የሚደውሉት ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸው ትንሽ በረድ ሲል ግን ነገሩ ይገርማቸዋል። ሳሙና ይህን የማይታይ ነገር እንዴት አድርጎ ይገድለዋል? ዓለምን ያስጨነቀው ቫይረስ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ስንት ይከብዳል? ክትባት ያለበሽታው እንዴት በሽታ መከላከል ያስተምራል? አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ይዘውኝ ያልገደሉኝ በሽታዎች ገላዬ ውስጥ አድራሻ ትተው ሄደዋል ወይስ እንዲሁ ረስተውኛል?» ብለው ጠየቋት። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ዳቦው ትን አለው። «አድራሻቸውን ገላቸው ይዞታል በያቸው፤ ማለቴ ይበሏቸው» አላት። «ተመልሰው ቢመጡ መልካቸውን የሚያውቅ ዘበኛ አላቸው። ክትባትም ያው ነው፤ ለዘበኛው የሌባውን ኮት ብቻ እናሳየዋለን፣ ሌባው ውስጡ የለም።»

ሰዓት ሠሪው የደወሉት በዚያ ሰሞን ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ መስመሩ ጸጥ በሚልበት ጊዜ፣ ዝቅ ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ከጀርባው ብዙ ሰዓቶች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

«እህቴ፣ ቫይረስ ሕይወት አለው ወይስ የለውም?»

«እንዴት ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ሬዲዮኑ አንዴ ‹በሳሙና ይሞታል› ይላል፣ አንዴ ‹ሕይወት የለውም› ይላል። ሕይወት የሌለው ነገር እንዴት ይሞታል? እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሰው የቆመ ሰዓት ይዞ መጥቶ ‹ሞተ› ሲለኝ አልወድም፤ ወይ ሞቷል ወይ ቆሟል።»

«ነገ በዚህ ሰዓት ይደውሉልኝ። ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»

ማዳመጫውን ስታወርድ ለሰው «ነገ» ካለች ምን ያህል ዘመን እንደሆናት ታሰባት።

ሐኪሙ «እሱን ትልልቆቹም ይጨቃጨቁበታል» አለ። በማግስቱ የተነገራትን ለሽማግሌው አደረሰች። ቫይረስ ብቻውን ሲሆን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም፤ እንደ ትቢያ ቅንጣት ቁጭ ይላል። የሰው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን የቤቱን ዕቃ ሁሉ ተጠቅሞ መሰሉን ያበዛል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ አንዱ ሕያው ነው ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል።

ሽማግሌው ከሥራቸው ምሳሌ አገኙለት። «እጅ ላይ ሲታሰር ብቻ የሚሠራ ሰዓት አለ። ባለቤቱ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል። ጠረጴዛ ላይ ከሰነበተ ይቆማል። እንደሱ ነዋ!»

«እንደሱ ይመስለኛል።»

«እኔም ሰሞኑን እንደሱ ነኝ» አሉና ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳቃቸው እኩል አበቃና መስመሩ ላይ ሰዓቶቹ ብቻ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። ጥያቄያቸው ከቫይረስ ወጥቶ ሌላ ሌላ ቦታ ገባ። ሰዓትና ማሰሪያው አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው አድረው፣ ጠዋት ሲነኳቸው ብረቱ ቀዝቃዛ፣ ቆዳው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? ሐኪሙ «ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ብረቱ የእጅን ሙቀት ቶሎ ስለሚጠጣ ነው» አለ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለ ውሃ ሊፈላ ሲል የሚጮኸው፣ ሲፈላ ግን ዝግ የሚለው ለምንድን ነው? ይህንን ሐኪሙም አላወቀውም፤ የፊዚክስ መምህር የሆነች እህቱን ጠይቆ መጣ። ታች የሚፈጠሩት አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ገና ቀዝቃዛ ውሃ ያገኛቸውና እዚያው ይፈርሳሉ፤ ጩኸቱ የእነሱ ነው። ውሃው ሁሉ ሲግል ግን በሰላም እላይ ይደርሳሉ።

እትዬ ሃሎ ቤቷ ገብታ ማንቆርቆሪያውን ጣደችና ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች። እውነትም ጮኸ፣ እውነትም ዝግ አለ። ደስ ብሏት «አየሽ?» ብላ ዞረች። ወንበሩ ላይ የታጠፈው ልብስ ነበር። ሻይዋን ቀድታ ጠጣች፤ ያየችውን ለመንገር እስከ ነገ መጠበቅ ነበረባት።

ተቆጣጣሪዋ አንድ ሁለቴ ከኋላዋ ቆማ አዳምጣለች። አንዴ ጎንበስ ብላ «ስለ ማንቆርቆሪያ ያለው ካርድ የቱ ነው?» ብላ አለፈች።

አንድ ቀን ሽማግሌው እንደ ወትሮው አልጀመሩም።

«ባለቤቴ በዚሁ በሽታ ነው የሄደችው» አሉ። «እስካሁን አልነገርኩሽም።»

«ነፍስ ይማር ጋሼ። እኔ አላወቅሁም።»

«እኔም ታምሜ ነበር፤ ተረፍኩ። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። የቤት ልብሷ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አሸተዋለሁ፤ ጠረኗ የለም። ከልብሱ ነው የጠፋው ወይስ ከአፍንጫዬ?»

እትዬ ሃሎ ይህንን እስከ ነገ አላሳደረችውም። «ይቆዩኝ» ብላ ተነስታ በአዳራሹ መሃል ሐኪሙ ጋ ሮጠች። ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ሽንኩርት ቆርጠው ያሽትቱ።»

መስመሩ ላይ ኮቴ፣ መሳቢያ፣ ቢላዋ ተሰማ።

«ምንም አይሸተኝም።»

«እንግዲያው ከአፍንጫዎ ነው። ልብሱ ላይ እስካሁን ሊኖር ይችላል። አብዛኛው ሰው ይመለስለታል፤ ቀስ እያለ ነው እንጂ።»

«እስኪመለስልኝ ከልብሱ እንዳይሄድብኝስ?»

ይህንን ከማንም አልጠየቀችም። «ፌስታል ውስጥ አድርገው ጥብቅ አድርገው ይቋጥሩት» አለች።

«እንደሱ አደርጋለሁ» አሉ። ዓይናቸው በእንባ መሙላቱ ከድምፃቸው ያስታውቃል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሐዘኑ ግን አልጠየቀችም።

ዋናው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት የእስካሁኑ ሁሉ ወደሱ የሚወስድ ደረጃ ነበር።

«መጀመሪያ የሳልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሱቅ ስለምውል ሰው ይገባል ይወጣል። ባለቤቴም ገበያ ትሄድ ነበር፣ እህቷ ጋም ትሄድ ነበር። ግን ቀድሜ የሳልኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ነው የያዛት?»

ሳጥኑ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ካርድ የለም። «ነገ እነግርዎታለሁ» አለች።

ሐኪሙ የዚያን ቀን ዳቦውን ሳይነካ አዳመጣት። «አይታወቅም እትዬ» አለ። «ቀድሞ የሳለ ቀድሞ የተያዘ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ሰው ላይ ቶሎ ይወጣል፣ አንዱ ላይ ይዘገያል። ከእሷ ወደ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ከእሱ ወደ እሷ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አሁን የሚያውቀው ማንም የለም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። «ከእርስዎ አይደለም» ብትላቸው ያምኗታል። ድምፅዋን ሁሉም ሰው ያምናል። ቤት ገብታ ቃሉን በአፏ ሞከረችው፤ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ አልገጥም አላት።

በማግስቱ ሲደውሉ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ይሄ እውነት ነው ወይስ ልታጽናኚኝ ነው?» አሉ።

«እውነት ነው። ላጽናናዎት ብፈልግ ‹ከእርስዎ አይደለም› እል ነበር።»

ዝም አሉ። እሷም ማዳመጫውን አላወረደችም። ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ እትዬ ሃሎ ሳትዞር እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻት። ቆይተው ቆይተው «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አሉና ስልኩ ተዘጋ። ተቆጣጣሪዋ አሁንም ከኋላዋ ቆማ ነበር። ምን እንዳየች አይታወቅም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

ሽማግሌው በማግስቱ አልደወሉም። በሳልስቱም አልደወሉም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ጨመረ። ከሰዓት በኋላ ስልክ በተደወለ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ዓይኗ ይጣበቃል። ባልናገር ኖሮ ትላለች፤ ብዋሽ ኖሮ ትላለች። ሐኪሙ ወደ ሌላ ቦታ ተመድቦ ሄዷል፤ የምትጠይቀውም የለ። ወደ ደዋይ መልሶ መደወል ክልክል ነው። ይሁን እንጂ የድሮ ኦፕሬተር ያየውን ቁጥር አይረሳም፤ የሽማግሌው ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር። አንድ የዕረፍት ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደወለች።

ያነሳችው ሴት ናት። ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ።

«ሰዓት ሠሪው ጋሼ አሉ?»

«አባዬ! ሰው ይፈልግሃል! እናንተ ዝም በሉ! ማን ልበለው?»

እትዬ ሃሎ ስሟን ለሽማግሌው ነግራቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም። መልስ ሳትሰጥ ስልኩ ወደ ሽማግሌው እጅ ተላለፈ።

«ማን ልበል?»

«ጋሼ… ከጤና መስመሩ ነኝ።»

«እንዴ! እህቴ!» ድምፃቸው ደምቋል። «ልጄ እሷ ጋ ወሰደችኝ እኮ። ሱቁን ዘግቼ መጣሁ። የልጅ ልጆቼ ‹ለምን፣ ለምን› እያሉ ነፍሴን ሊያወጡት ነው። ትናንት ስንሄድ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች አሉኝ፤ ደውዬ ልጠይቅሽ አልኩና ሥራ ይበዛባታል ብዬ ተውኩት።»

«አፍንጫዎስ?»

«ተመለሰልኝ! መጀመሪያ የሸተተኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልጄ ያሳረረችው ዳቦ!» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልብሱን ግን ገና አልከፈትኩትም።»

«አይቸኩሉ።»

«አልቸኩልም። ‹አያቴ ና› የሚለኝ አለ፣ ልሂድ። ኑሪልኝ እህቴ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ደስ ብሏታል፤ ይህ እውነት ነው። ጨረቃ ለምን እንደምትከተል ግን አልጠየቋትም፤ ቢጠይቋት ኖሮ ነገ የምትለው ነገር ይኖራት ነበር። የቀኑን ቀሪ ክፍል ያልቆሸሸ መስኮት ስትወለውል ዋለች።

ወረርሽኙ እየከሰመ ሲሄድ ደዋዩም አነሰ። ማዳመጫዎቹ አንድ በአንድ በሣጥን ተከተቱ። መጨረሻ ላይ መስመሩን ማሽን እንዲመልሰው ተወሰነ፤ የማሽኑን ቃል የምትቀዳው እሷ እንድትሆን ተቆጣጣሪዋ ጠቁማ ነበር። ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቧት። ካርዶቹን አነበበች። ድምፅ ቀጂው፣ ጺሙን የማይላጭ ጎልማሳ፣ መልሶ አሰማት።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች ደንግጣ። «ቀጠነ እኮ። የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እርስዎ ሲናገሩ ድምፅዎን በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰሙት፤ በራስ ቅልዎ አጥንት በኩልም ይመጣል። ያ ወፈር ያደርገዋል። እኛ የምንሰማው በአየር የሚመጣውን ብቻ ነው።»

እትዬ ሃሎ ትንሽ አሰበች። «እኔ የምሰማውን ድምፄን ታዲያ፣ ሌላ ሰው ሰምቶት አያውቅም ማለት ነው?»

ሰውየው ቁልፍ እየነካ «በፍጹም» አለ። «በሚቀጥለው ፈገግ ብለው ያንብቡልኝ፤ ፈገግታ ይሰማል።»

ፈገግ ብላ አነበበች።

ሥራው እንዲህ አበቃ። ቤት መዋል ስትጀምር አንዳንዴ ወደ መስመሩ ትደውላለች። «ሃሎ፣ የጤና መረጃ መስመር ነው» ይላል የራሷ ቀጭን ድምፅ። «ስለ ትኩሳት ለማወቅ አንድን ይጫኑ።» ትጫናለች። ካርዱ እንዳለ ይነበብላታል፤ ስለ ቤቱ ባለቤት ምንም የለበትም። «ሌላ ጥያቄ ካለዎት ሐኪምዎን ያማክሩ። ስለደወሉ እናመሰግናለን።» እሷም ሳታስበው «እኔም አመሰግናለሁ» ብላ ትዘጋለች። አንድ ቀን ይህን ስትል ራሷን ሰማችና አፈረች፤ ከዚያ በኋላ መደወሉን ተወችው።

ቤት ውስጥ መዋል ሰው ያላስተዋለውን ድምፅ ሁሉ ያሰማል። በሥራ ዘመኗ ጠዋት ተጣድፋ ስለምትወጣ ልብ ያላለችው አንድ ነገር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቷ ግድግዳ ውስጥ አንድ ነገር «ድው! ድው!» ይላል። ሰው በጡጫ እንደሚመታው። ዝም ይልና ቆይቶ እንደገና። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ብቻዋን የሆነች ልብስ ሰፊ ናት። ለዓመታት ከ«ደህና አደርሽ» ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ ሴትየዋ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው። ኩሩ ናት ብላ ትታት ነበር።

ጥያቄው እንደ ድሮው አለቅ አላት። የምትጠይቀው ሐኪም የለም፣ የፊዚክስ መምህርም የለችም። አንድ ጠዋት ድምፁ እንደተሰማ ወጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ፊቷ ላይ ድንጋጤ አለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ይሄ ግድግዳ ውስጥ የሚመታው ነገር ምንድን ነው?»

ሴትየዋ አፈጠጠችባት። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚመቱት?»

«እኔ? ግድግዳ ለምን እመታለሁ?»

«እኔ’ኮ…» ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን በጣቷ ጠቀለለችው። «ይሄን ያህል ዘመን የስፌት ማሽኔ አስቸግሮዎት ‹አጥፊው› የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልክ ለሥራ ልቀመጥ ስል ይመታል። ስለዚህ ጠዋት መስፋት ትቻለሁ። እርስዎ ከቤት እስኪወጡ ነው የምጠብቀው። አሁን ደግሞ የማይወጡ ሆኑብኝ።»

እትዬ ሃሎ ወለሉን አየች። ስንቱን ዓመት ደረጃ ላይ ያ አንገት የተደፋው እሷ ተፈርታ ኖሯል።

«እኔ የስፌት ማሽን እንዳለሽም አላውቅም» አለች። «አሁን ድው ሲል ምን እያደረግሽ ነበር?»

«ምንም። ዕቃ አጥቤ ቧንቧውን ዘጋሁት።»

ሁለቱም ወደ ወጥ ቤቱ አዩ።

«እስኪ እንደገና ክፈቺና ዝጊው» አለች እትዬ ሃሎ። «እኔ ቤቴ ገብቼ ላዳምጥ።»

ገብታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ቀለሙ ይቀዘቅዛል። ውሃ ሲንፎለፎል ተሰማ፤ ከዚያ በድንገት ሲቋረጥ፦ «ድው!»

«መታ!» ብላ ጮኸች።

«ቧንቧው ነው?» ከማዶ።

«ቧንቧው ነው! የሚሮጠው ውሃ ድንገት ሲዘጋበት ይላተማል መሰለኝ። እስኪ አሁን ቀስ እያልሽ ዝጊው!»

ውሃው ተንፎለፎለ፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ግድግዳው ዝም አለ።

«አሁንስ?»

«ምንም የለም!»

የሴትየዋ ሳቅ በግድግዳው አልፎ መጣ። ቀጥሎ የእትዬ ሃሎ ተራ ሆነ፤ እሷ ከፍታ ዘጋች፣ ልብስ ሰፊዋ አዳመጠች። ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ በዝግታ፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ሥራ አለብኝ አለች፤ «እንግባ» ወይም «ግቢ» የተባባለ የለም። እትዬ ሃሎ ምሳዋን ብቻዋን በላች።

ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ የስፌት ማሽኑ ተነሳ። መጀመሪያ ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ የሚከፋው ሰው ካለ ለማወቅ የሚጠብቅ ይመስላል። ማንም አልመታም። ቀጠለ። እትዬ ሃሎ ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ተቀመጠችና ማሽኑ እስኪቆም አዳመጠች።